እሾህ የማይበግረው እጀ ጠባብ

ደምለውን የደብረ ኤልያስ ሰው የሚያውቀው በልብሱ ንጣት ነው። ማረስ ያርሳል፣ አጨዳ ላይም አይታማም። ግን ከእርሻ ሲመለስ እጁን ከመታጠቡ በፊት ልብሱን ዞር ዞር ብሎ የሚያይ ገበሬ እሱ ብቻ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሌላው ራሱን ይሸፍናል፤ እሱ ኩታውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይወሽቅና ራሱ ይበሰብሳል። እንግዲህ ጣሊያንን ልዋጋ ጫካ እገባለሁ ብሎ የተነሣው ይኸው ሰው ነው።

አርበኞቹ መጀመሪያ ሲሄድ መለሱት። አለቃቸው ባዘዘው የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ ደምለው ቁልቁለቱን ሲወርድ ገና ከሩቅ አይቶት ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አንተ ሰው፣ ከወዲያኛው ጋራ ላይ ጀምሬ እያየሁህ ነው» አለው። «እኔ ያየሁህን ጣሊያን አያይህም? ካንተ ጋር አንድ ቀን የዋለ ሁሉ ያልቃል። ሂድና የጫካ ልብስ አሠርተህ ና። እሾህ የማይቀደው፣ ዝናብ የማያከብደው፣ ከሩቅ የማይታይ። እስከ መስቀል እዚሁ ነን፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደምንሆን እኔም አላውቅ።»

ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አልነበረም። ጫካ መግባቱ የታወቀበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፤ ሚስቱም ሜዳ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ደምለው ልብሱን አሠርቶ፣ በተለይ ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም የሽዋስ ሳይሰማ፣ ሹልክ ማለት ነበረበት። ሚስቱ የብርጓል ክረምቱን ሙሉ አክርራ የፈተለችውን ልቃቂት በአቁማዳ ሞልታ ሰጠችውና «ይኸን ይዘህ በቀጥታ ወደ ሸማኔው ሂድ» አለችው። እሱ ግን የገበያውን ሳላይ አላምንም አለ። ለጎረቤት ደጀን ዘመድ ልጠይቅ ነው ብሎ አስወራና ደብረ ማርቆስ ገባ።

ጨርቁን ሊፈትንበት ኩታው ውስጥ እሾኻም የቀጋ ዝንጣፊ ደብቋል። መጀመሪያ ወደ አንድ የዐረብ ሱቅ ገብቶ አቡጀዲ አስወረደ፤ ነጋዴው ፊቱን ሲያዞር ጠብቆ ጫፉን በቀጋው ሳብ ቢያደርገው ትርትር አለ። ሁለተኛው ሱቅ በርኖስ ነበር። በርኖሱን እሾህ አልደፈረውም፤ ግን በቅል ውኃ አስመጥቶ ሲያርሰው አንድ በግ ከነነፍሱ የመሸከም ያህል ከበደው። ባለሱቁም ውኃውን ሲያይ ሊማታ ተነሣ። ሦስተኛው ጋ ካኪ አገኘ። ቀጋው ካኪውን አልቻለውም፤ ውኃም ቢሆን ቶሎ ያንጠፈጥፋል። ደምለው ደስ ብሎት ትከሻው ላይ ሊለካው ሲል ከጎኑ የቆመውን ሰው ልብ አለ። ባንዳ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያንኑ ካኪ ለብሷል። ይህን አጥልቆ ቢሄድ ባዘዘው እንደምን አደርክ ከማለቱ በፊት በጥይት ይቀበለዋል። ካኪውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና አቁማዳውን አንግቶ ወጣ።

ሸማኔው አያ ፈንታ ልቃቂቱን በጣታቸው ፈተል ፈተል አድርገው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸን የመሰለ ፈትል ይዘህ ነው ገበያ ስትዞር የከረምከው?» አሉት።

«ለማመዛዘን ብዬ ነው አያ ፈንታ።»

«በል እንግዲህ። ድሩን ድርብ አደርገዋለሁ፤ ማጉንም ጥቅጥቅ አድርጌ እመታዋለሁ። ከጉልበትህ በታች አይወርድም፤ ከረዘመ ስትሮጥ ይጠልፍሃል። እጅጌው ጠበብ ይበል፣ ግራና ቀኙ ይሰንጠቅ፤ ደረቱ ላይ ቆሎና ጥይት የሚይዝ ሰፊ ኪስ ይኑረው።»

«ጥለትስ?» አለ ደምለው።

«የምን ጥለት?»

«ጫፉ ላይ ነዋ። ቀጠን ያለች፣ ቀይ።»

አያ ፈንታ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። «ጣሊያኑ የት ላይ እንደሚያነጣጥር እንዳይቸገር ነው?»

ደምለው ጥለቱን በአፉ ተወ፤ በልቡ ግን አልተወውም። ሸማኔው ቤት ተደብቆ ሰነበተና እጀ ጠባቡ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ ጎህ ሳይቀድ ቤቱ ደረሰ። የብርጓል የቀጋውን ዝንጣፊ ተቀብላ ልብሱን ባለ በሌለ ኃይሏ ቧጠጠችው። የተሰበረው ቀጋው ነው።

የቀረው ቀለሙ ነበር። ቅርፊትና ቅጠል ቀቅላ ነከረችው፤ ከወንዝ ዳር ያመጣችውን ጭቃም ለውሳ ቀበረችው። አውጥታ ስታለቀልቀው ልብሱ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።

«አፈር ይምሰል አልኩሽ እንጂ እንዲህ ይጥቆር አልኩሽ?» አለ ደምለው።

«ጥቁር አፈርም አፈር ነው» አለችውና ከጓሮ አጥር ላይ አሰጣችው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱም የሳቱት። ሲያስቡ የከረሙት ስለ እሾህና ስለ ጣሊያን ነው፤ ጎረቤት የሚባል ነገር እንዳለ ጭራሽ ረስተዋል። በዚያ አገር ልብስ ከል የሚነከረው ሰው ሲሞት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጎረቤታቸው እቴናት በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ጥቁሩን ልብስ አየችና አገሩን በጩኸት አቀለጠችው።

«እሪ! የብርጓል እህቴ! ሳትነግሪን ብቻሽን! ማን ነው? ደምለው ነው? ከደጀን መርዶ መጣ?»

ደምለው ጓዳ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ ጎርሶ በግድግዳው ስንጥቅ ያያል። የብርጓል ሮጣ ወጥታ መሃል ጓሮው ላይ ቆመች። የሞተ የለም ብትል ታዲያ ይህ ልብስ ለምን ጠቆረ ትባላለች፤ ወሬው ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የሽዋስ ጆሮ ይገባል። ሌላ ዘመድ ሞተ እንዳትል ዘመዶቿን ሁሉ እቴናት በስም ታውቃቸዋለች። ልብሱን አየች፣ የቤቱን በር አየች፤ ከዚያ ደረቷን ድው አደረገች።

«ደምለውዬን! ዓባይ ወሰደብኝ!»

ደምለው ዳቦውን እንደጎረሰ የሞተው በዚህ ዓይነት ነው።

የብርጓል ብልሃት አላጣችም። ያልደረቀውን እጀ ጠባብ ከአጥሩ ላይ ስባ «የራሱን ልብስ ነው የነከርኩት» እያለች በቀሚሷ ላይ አጠለቀችው። እጅጌው ከጣቶቿ አልፎ ተንጠለጠለ። በእሪታው የተሰበሰቡት ሴቶች ይህን ሲያዩ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እንዲህ ያለ ፍቅር የት አለ ተባለ። ጓሮውም ግቢውም በሰው ተሞላ።

ደምለው ጓዳ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ የራሱን ለቅሶ አዳመጠ። አልቃሿ ወለተ ሐዋርያት ፈረሰኛ አደረገችው፤ ፈረስ ኖሮት አያውቅም። አንበሳ ገዳይ አደረገችው፤ በዕድሜው የገደለው ትልቁ አውሬ ጃርት ነው፣ እሱም ታሞ የሰነበተ። ደምለው እፍረት ያዘው። ኋላ ግን አንድ ሽማግሌ «ልብሱስ? ያ ልብሱስ?» ብለው ሲጮኹና ለቅሶው እንደገና ሲግል፣ እውነታቸውን ነው ብሎ ለራሱ አነባ።

የሽዋስም መጣ። ሰው እየተነሣለት ከየብርጓል ፊት ተቀመጠና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረግ አደረገ።

«የት ላይ ነው?»

«ከደጀን ቁልቁል፣ መሻገሪያው ላይ ጌታዬ።»

«አስከሬኑስ?»

«ዓባይ የወሰደውን መቼ መልሶ ያውቃል ብለው ነው?»

የሽዋስ ተነፈሰ። «ጫካ ሊገባ ነው ያሉኝ ነበሩ። እኔም አይደለም፣ ደምለው ልብሱ እንዳይቆሽሽበት ሲል ከሣር ላይ እንኳ የማይቀመጥ ሰው ነው ብያቸዋለሁ። እግዜር ነፍሱን ይማረው። ይህን ቤት የሚነካው የለም፤ ለጣሊያኑም እነግረዋለሁ።»

ቤቱ ዳነ። ደምለው ግን ጓዳው ውስጥ ቀረ። እቴናት ሐዘንተኛ ብቻዋን አታድርም ብላ ከየብርጓል ጎን ስለምትተኛ፣ ሟቹ ማስነጠስ እንኳ ተከለከለ። አንዴ አምልጦት ሲያስነጥስ የብርጓል ቀድማ እሪ ብላ አዳነችው።

የመስቀል ዕለት ሰዉ ሁሉ ወደ ደመራው ወጣ። እቴናትም መጣሁ ብላ ተከተለች። የብርጓል ጓዳ ስትገባ ሁለቱም ተያዩና አፋቸውን ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ደምለው እጀ ጠባቡን አየ። ድርብ ድሩን፣ ሰፊውን ኪስ፣ የተሰነጠቀውን ጎን አየ። ያለዚህ ልብስ ባዘዘው አይቀበለውም፤ ባዘዘው ደግሞ ነገ የለም።

የብርጓል ዓይኑን ተከትላ እጅጌውን ማውለቅ ጀመረች። «ውሰደው። እኔ ሌላ እነክራለሁ።»

ደምለው እጇን ያዘ። ይህን እጅጌ እያሻሹ ያላለቀሱ ሴቶች በመንደሩ የሉም፤ ልብሱ ከሷ ላይ ከጠፋ መጀመሪያ የምትጠይቀው እቴናት ናት፣ ሁለተኛው የሽዋስ።

«ይቅር» አለ። «ላንቺ ነው የተሠራው።»

የብርጓል ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን እንባ ነው።

«ምን ያስለቅስሻል? ይኸው ቆሜ አይደል?»

«ለሰው ብዬ ነበር የጀመርኩት» አለችው። «መሃል ላይ እውነት ሆነብኝ። ብትሞት የማለቅሰው ይኸንኑ ያህል ነው፤ ከዚህ የበለጠ የለኝም። ስለዚህ እንዳትሞት።»

ደምለው ግንባሯን ሳመና በጓሮ በኩል ወጣ።

ከማሳው ጫፍ፣ ከብቶች የረገጡት ረግረግ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኩታው በፀሐይ ያበራል፤ እንደ ልማዱ ዞር ዞር ብሎ አየው። ቅር አለው፤ በጣም ቅር አለው። ከዚያ ጋደም አለና አህያ አመድ ላይ እንደሚንከባለለው ከወዲህ ወዲያ ተንከባለለ። ሆዱ ላይ የቀረውን ነጭ በመዳፉ ለቀለቀው። ተነሥቶ ጫካው ዳር ሳይደርስ የመስቀል ዝናብ ወረደና ግማሹን አጠበበት። ደምለው ሰማዩን ቀና ብሎ አየና ሌላ ጭቃ ፈልጎ እንደገና ተኛበት።