ስልኩ ሳይጠራ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ጥላ ከወጣች በኋላ ቤት ብትቀይር፣ ሰፈር ብትቀይር፣ ሰውየው ደጇ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። ያሳበቀባት የገዛ ስልኳ መሆኑ የገባው ስልክ ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱም የማያይበት ሌላ ስልክ አዘጋጅቶ አመጣላት።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልብ በይ፤" አላት። "በተራው ስልክ መልእክት ሲመጣ ስልኩን የሚቀሰቅሰው ኩባንያው ነው። ማን መቼ እንደላከልሽ የሚያውቀውም ለዚህ ነው። ያንን በር ዘግቼዋለሁ። እንግዲህ መልእክት መቀበያው ራሱ ነቅቶ ይጠብቃል። ባትሪ ይበላል፤ ቻይው።"

"እኔን ካልበላኝ፣ የፈለገውን ይብላ!" አለችው። ሳቁ።

ባልየው ደብዛዋ ጠፋበት፤ እሷም እንቅልፏ ተመለሰላት። ባትሪው ግን ሥራ መሀል እየሞተ አስቸገራት። "ባትሪ ቆጥብ" የሚለውን አገኘችና ነካችው። ስልኩም መልእክት መቀበያውን አስተኛው።

አባቷ ትዳሯን ስትፈታ "አዋረድሽኝ" ብሎ ፊቱን ያዞረባት ሰው ነው። ሲታመም ግን አንጀቱ አልቻለም። ወንድ ልጁን "የመልእክት አድራሻዋን ስጠኝ። አንተ አፍህን ያዝ፤ ይቅርታውን ራሴ ልጠይቃት፤" አለው። ልጁ ደስ ብሎት ሰጠው፤ ቃሉንም ጠበቀ።

አባትየው በድምፅ ይልክላት ጀመር። መልስ ሲያጣ በዚያው ደወለ፤ አልተነሳም። ወንድምየው "ሥራ በዝቶባት ነው" እያለ ቢያጽናናውም፣ በልቡ "እንዴት ጨከነች!" ብሎ ተቀየማት። ስልኩን ያዘጋጀው እሱ ነውና ስልኩን አልጠረጠረም።

አንድ ጠዋት ወንድምየው መስፊያ ቤቷ መጣ።

"አባባ አረፈ።"

መቀሷን አስቀመጠች። "ታሞ ነበር? ሰው እንዴት አይነግረኝም?"

"ራሱ ሲለምንሽ አልነበር እንዴ!"

"ማን? እኔን?"

ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ መልእክት መቀበያውን ሲከፍት፣ የአባታቸው መልእክቶች እየተግተለተሉ ገቡ። ባትሪ መቆጠቢያው መከፈቱን ሲያይ "ይሄ ነው ያስተኛው፤ አንዱም አልደረሰሽም" አለና ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ቁጭ አለ።

የመጨረሻውን ከፈተችው። "ልጄ፣ ዝም ብትይኝም አልፈርድብሽም። እኔስ ስንት ጊዜ አኩርፌሻለሁ? የእጄን ነው ያገኘሁት።"

"ሰምታ ዘጋችኝ ብሎ ነው የሄደው፤" አለች።

ለቅሶው ላይ አክስታቸው ጀርባዋን ሰጠቻት። "ወንድሜ ደጅ ደጁን እያየ ሞተ፤" አለች ሰው እየሰማ። ወንድምየው ስለ ስልኩ ሊያስረዳ ሲጀምር "ደግሞ ጥፋቱ የባትሪ ሆነ?" ብላ አቋረጠችው። ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ይዛ "ተወው" አለችው።

ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ "ወደ ተራው ስልክ ልመልስሽ?" ሲል ጠየቃት።

"ያ ሰውዬ ደጄ ላይ እንዲቆም?"

ባትሪ መቆጠቢያውን አጠፋላት። አሁን ስልኩ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ መልእክት ሲመጣም ይጮኻል። አክስቷ አታናግራትም። ከአባቷ መልእክቶች የሰማችው ያንን አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ለመክፈት እስካሁን አልደፈረችም።