የአባ ብርሃነ ወንበር

የኦምሪ ሠርግ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እኅቱ ኤፍራት ዘመዶቿን ሃሊሳ ሰፈር ወዳለው የሠርግ አዳራሽ ለልምምድ ጠራች። ኤፍራት የወደብ ደኅንነት ሠራተኛ ናት። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ከጮኸ እንግዳው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው መጠለያ፣ ወደ ሚክላቱ፣ መግባት አለበት። ይህን የማሳካቱ ኃላፊነት የእሷ ነበር። ልምምዱ ካልሠራ የሠርጉ ቀን እንደሚገፋ ለእናቷ ለስንዱ ቁርጡን ነግራቸዋለች።

ስልኳ ላይ የቀረጸችውን ሳይረን ከፈተች። ሰዉ ተነሥቶ በፍጥነት ሄደ። ሚክላቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

የቤተሰቡ ታላቅ አባ ብርሃነ፣ ከአዳራሹ ማዶ ካለው የክብር ጠረጴዛ ተነሥተው በከዘራ ቀስ እያሉ ይመጡ ነበር።

"ግቡ እንጂ!" አለች ኤፍራት።

"አባ ሳይገቡ?" አለ አጎቷ ያረጋል። "ማን አሳደገህ ልባል?"

አባ ብርሃነ ደረሱ። "ልጆቹ ይቅደሙ።"

"ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!"

"አትሙትብኝ። ሕፃን ውጭ ትቼ አልገባም።"

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። አንድም ሰው አልገባም።

"ቤሰደር፣ እሺ" አለ ኦምሪ እየሳቀ፣ "በጨዋነት አለቅን።"

ኤፍራት አልሳቀችም። በሩ ሰፊ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው። ሰዉን ያስቆመው አክብሮት ነበር። አክብሮትን ማስቀረት አይቻልም፤ ቦታውን ማዛወር ግን ይቻላል።

"የክብር ጠረጴዛው ከሚክላቱ በር አጠገብ ይሁን" አለች።

እናቷ ደነገጡ። "ሽማግሌ በር ላይ? እንደ ዘበኛ? ሰው ምን ይለናል?"

"ሙሽሮቹም እዚያው ይቀመጣሉ። ሙሽራ የተቀመጠበትን ቦታ ማን በር ይለዋል?"

ስንዱ ትንሽ አሰቡ። "አበባውስ?"

"አበባውም ይመጣል።"

ጠረጴዛውን አዛውረው እንደገና ሞከሩ። አባ ብርሃነ አሁን ቀድመው ገቡ። ግን ደፉ ላይ ዞረው "ግቡ ልጆቼ" እያሉ መመረቅ ጀመሩ። የደረሰ ሁሉ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። በሩ ላይ ሰዉ እንደገና ተጨናነቀ።

ኤፍራት ከአዳራሹ ጥሩውን ወንበር አንሥታ ሚክላቱ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ግድግዳ ጋር አስቀመጠችው።

"አባ፣ የእርስዎ ቦታ ይህ ነው። ሰው የሚገባው እርስዎን ተከትሎ ነው። እርስዎ እዚህ ካልደረሱ ሕፃናቱ ውጭ ይቀራሉ።"

አባ ብርሃነ ወንበሩንም እሷንም አዩ። "የምመራው እኔ ነኝ በይኛ።"

"እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ይህን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?"

ሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ኤፍራት ግን ያለ እውነተኛ ሳይረን ማመን አልሆነላትም።

የሠርጉ ዕለት፣ እስክስታው በደመቀበት ሰዓት ሳይረኑ ጮኸ። ኤፍራት ማንንም ሳይሆን አባ ብርሃነን አየች። ከዘራቸውን አነሡ፤ ዞር ብለው ሳያዩ ገቡ። ሙሽሮቹ ተከተሉ፤ ሰዉም ተከተለ። ያረጋል ከወንበሩ ፊት ጎንበስ ሲል፣ "ኋላ ትስማለህ! ጠጋ በል!" የሚል ቁጣ ከውስጥ ተሰማ።

ኤፍራት ባዶውን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ቃኝታ በመጨረሻ ገባችና የብረቱን በር ዘጋች። ከሩቅ የፍንዳታ ድምፅ መጣ።

"የቀረ ሰው አለ?" አሉ አባ ብርሃነ።

"የለም፣ አባ። ሁሉም ገብቷል።"

ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

"እንግዲያስ አሁን ሳሙ።"