ሰባት ቀን ያለ ወሬ

የመስኖ ማኅበሩን ምክትል ሊቀመንበር ሰው ሁሉ «ማይኩ» ይለዋል። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ለሊቀመንበርነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ፣ ሁለቴም አፉ እስኪደርቅ ቀስቅሶ፣ ሁለቴም ወድቋል። ለሦስተኛው ምርጫ ስምንት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከጆሮው ሥር ጭርት ወጥቶ አንገቱን ዞረው። በዚያ ሙቀት ፎጣ ጠምጥሞ ቢውልም ማሳከኩን መደበቅ አልቻለም። አንገቱን እየፎከተ የሚቀሰቅስ ሰው እንኳን ድምፅ፣ አጠገቡ የሚቀመጥም አያገኝም።

ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ፣ ነርሷ የተቀናቃኙ እህት ናት። ስለዚህ በጓሮ ዞሮ ቅጠል አዋቂዋ አሮጊት ዘንድ ሄደ። ቅጠሉን ወቅጣ እስክትጨርስ ስለ ጭርቱ፣ ስለ ቦዩና ስለ ወደፊት ዕቅዱ ሲተርክላት ቆየ።

«ስማኝ ልጄ» አለችው ዘነዘናውን አስቀምጣ። «ይኼን ጠዋትና ማታ ትቀባለህ። ሰባት ቀን ግን ከአፍህ ቃል እንዳይወጣ። ከተናገርክ አይሠራም።»

«እማማ፣ ምርጫ እኮ ነው። ስንት የምናገረው አለኝ መሰለሽ።»

«እንግዲያው ከነጭርትህ ቀስቅስ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ማይኩ ዝም አለ። የመጀመሪያው ቀን ምጥ ሆነበት፤ ሰላም ላለው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። ሚስቱ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ፊቷ እየፈካ መሄዱን እሱም ልብ ብሏል። በሦስተኛው ቀን በውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች መጡበት። ድሮ ቢሆን እስኪመሽ ይመክራቸው ነበር። አሁን ተራ በተራ ሲያያቸው፣ መናገሩ ራሳቸውን ሰለቻቸውና ታርቀው ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ቦዩ በደለል ተዘጋ። ማን ምን ይሥራ ብሎ በምልክት ማስረዳት ቢያቅተው፣ በንዴት አካፋውን አንሥቶ ራሱ ገባበት። ተቀናቃኙ በአደባባይ ሲዘልፈውም መልስ አልሰጠም። ውስጡ በነገር ሲንተከተክ፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ተባባለ።

በስምንተኛው ቀን ጭርቱ ከስሞ፣ አንገቱ ጠርቶ አዳራሽ ገባ። በሰፊ የድምፅ ብልጫ ተመረጠ። እንባው መጣ። ማይክራፎኑንም ጨበጠ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ንግግሩ ገና ከልጅነቱ አልወጣም። አሮጊቷ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ቀስ እያለች መጣችና አንገትጌውን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«አገርሽቶብሃል» አለችው።

አንገቱን ዳሰሰ። ልስልስ ያለ ነው። «ኧረ ድኗል እማማ።»

«እስቲ እናንተ እዩት» አለች ወደ አዳራሹ ዞራ።

የፊተኛው ረድፍ በሙሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔማ ከዚህም ይታየኛል» አለች ሚስቱ ከሦስተኛው ረድፍ።

ቀልድ መስሎት ፊቷን ፈለገ። አልሳቀችም፤ ዓይኗ ይለምነዋል። የመረጡት ዝም ያለውን ሰውዬ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ማይክራፎኑን ወንበሩ ላይ አኖረ።

«ስንት ቀን ነው ደግሞ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሥራ ዘመንህ ስንት ነው?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወውና ሦስት ጣቱን አሳያት።