የዳልቻ ምትክ

«አባትሽ ለጎረቤታችን ለያየህ ዋስ ሊሆን ወረታ ሄዷል» አለች እናቷ ጸሐይነሽ፣ ስለ ዝናብ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ። «ያየህ በሬውን ሊሸጥ።»

ልዕልት ፊቷን እየታጠበች ነበር። ክረምቱን ባሕር ዳር ለሥራ ልምምድ ቆይታ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል የገባችው ገና ትናንት ነው። እጇ ላይ የያዘችው ውሃ ፈሰሰ።

«የቱን በሬ?»

«ስንት በሬ ኖሮት? ቦራን ነዋ! ለልጁ ለወንዴ ያንቺን የመሰለች ኮምፒውተር ሊገዛለት። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት የለም? አባትሽ ነው የመከረው። ‹ልጄ ዓመት ሙሉ አርሳባታለች፣ አንድ ቀን አልለገመችባትም› ብሎ።»

«ደውዪለት! አሁኑኑ ደውዪለት!»

«በምን? የገበያ ቀን ሌባ ይወስድብኛል ብሎ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎታል። ቁልፉ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ አባቷ ስለ ማረው ጥቂት ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። እኛ ቁሐሮች በሬ መግዛት እናውቅበታለን። ችግራችን ሌላውንም ዕቃ ሁሉ እንደ በሬ መግዛታችን ነው። ማረው አምና መስከረም ልጁ «የውሃ ምህንድስና ያለ ላፕቶፕ አይሆንም» ስትለው ከሁለቱ በሬዎቹ የሚሻለውን፣ ዳልቻን፣ ሸጠና ወረታ ዘይነብ ሱቅ ገባ። ዘይነብ ሬዲዮና ስልክ፣ ቀስ በቀስም ላፕቶፕ የምትሸጥ፣ እቅጩን ተናጋሪ ሴት ናት። ማረው ዕቃዋን ዞሮ አያት፣ አንስቶ ክብደቷን ገመተ፣ ክዳኗን ከፍቶ ቁልፎቿን እንደ ጥርስ መረመረ። ከዚያ «ዋስ አምጪ» አላት። ሱቁ እዚሁ እንደሚውል፣ እሷም የትም እንደማትሄድ ብታስረዳው አልሰማ ስላላት ጎረቤቷን ልብስ ሰፊ ጠርታ አስቆመችለት።

ርካሿን ነው የመረጠው። ዘይነብ አልዋሸችውም፤ «ይቺ የረከሰችው ራሟ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ የምትችለው ቀላል ሥራ ነው» ብላዋለች። ራም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። በማረው ጆሮ የገባው «ወይፈን ናት» የሚል ነው። ወይፈን ይረክሳል፤ መጀመሪያ ቀላል ሥራ ይሰጡታል፤ በደንብ ከያዙት እያደር ይጠነክራል። ለልጁ ሲሰጣት ምን ብሎ እንደመከራት እኔው ቆሜ ሰምቻለሁ። «የመጀመሪያውን ዓመት አታድክሚያት። ፀሐይ ሲከር አሳርፊያት። ወገቧ ከተሰበረ አትሆንሽም።» ልዕልት ሳቀች። እኛም ሳቅን። እሱ ግን አልቀለደም ነበር።

ባሕር ዳር ስትደርስ ሳቁ ቀረ። ጽሑፍ ሲጻፍባት ላፕቶፗ በጎ ናት፣ ትሄዳለች። የልዕልት ሥራ ግን ካርታ ነው፤ ከሰማይ ፎቶ የተነሳ የፎገራ ሜዳ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የሚወጣበት፣ ውሃ የሚተኛበት። ያን ካርታ ስትከፍት መስተዋቱ ላይ ያች ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ልዕልት ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ትመለሳለች፣ ጥፍሯን ትነክሳለች፣ ክቧ አሁንም ትዞራለች። ከዚያ ላፕቶፗ የተሠራውን ሁሉ እንደያዘች ቀጥ ትላለች። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ወረፋው የጠበል ወረፋ ነው። በዚህ ላይ አባቷ በየሳምንቱ ይደውላል።

«እንዴት ናት? ታርሳለች ወይ?»

«ታርሳለች፣ አባዬ።»

ምን ትበለው? ዳልቻ እኮ ሄዷል። አንድ በሬ ስቦ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም። ማረው የቀረውን በሬ፣ ወይኖን፣ ከያየህ ቦራ ጋር አቀናጅቶ ነው ያረሰው። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አብረው ይጠምዱና ተራ በተራ የየራሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። እሷም በተራዋ «እርሻውስ?» ስትለው «ምን ጎደለብኝ? ሙሉ ነው» ይላታል።

እሷ «ታርሳለች» ያለቻት አንዲት ቃል ግን መንደራችን ስትደርስ ወለደች፣ ከበደች። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ የማዳበሪያው ወሬ ሲያልቅ ማረው የላፕቶፑን ይጀምራል። ለዕቁብ ስንሰበሰብ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይጀምራል። ያየህ ደግሞ ልጁ ፈተናውን ሲያልፍ የማረውን ቃል የሚጠራጠርበት ምን ምክንያት ነበረው? ማረው ራሱ ቦራ ከተሸጠ የሱ ወይኖ ያለ ጓደኛ እንደሚቀር ያውቃል። እያወቀ ነው የመከረው። ያን ያህል አምኖባታል።

ልዕልትን ያስሮጣት ይህ ነው። ላፕቶፗን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ አናቷ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። እናቷ «ቁርስሽን!» እያለች ቀረች። መስከረም ነው፤ ሜዳው ገና ከውሃ አልወጣም። በሩዙ መሃል ባለው ድንበር ላይ እየተንሸራተተች፣ ጭቃው እየያዛት፣ እየነቀለች ሮጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ የፌስታሉ ቋጠሮ መንገድ ላይ ተፈታ። ቆማ አሰረችው።

የቆመችው የያየህና የአባቷ ማሳ የሚዋሰኑበት ላይ ነበር። የያየህ ሩዝ አሽቶ አንገቱን ደፍቷል። አጠገቡ ያለው የአባቷ ሩዝ ገና ለምለም ቅጠል ነው፣ አንዲት ዛላ አልወጣበትም። ፊተኛው ዝናብ ላይ ተራው የያየህ ነበር ማለት ነው፤ አባቷ የዘራው ዘግይቶ ነው። ውሃው ቶሎ ከሸሸ ይህ ሩዝ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። «ሙሉ ነው» ይላት የነበረው ይህንን ነው። ልዕልት ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም አልታወቃትም። ፌስታሉን አጥብቃ አስራ እንደገና ሮጠች።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ አገኘች። ሹፌሩ ሰው ካልሞላ አልነሳም አለ።

«ወንድሜ፣ በሬ ሊሸጥ ነው!»

«ያንቺ ነው?»

«አይደለም!»

«የአባትሽ ነው?»

«አይደለም አልኩህ! ንዳ!»

ሹፌሩ በመስተዋቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነችውን ልጅ፣ ጭኗ ላይ የታቀፈችውንም ፌስታል አየና፣ ከእብድ ጋር ምን ያጨቃጭቀኛል ያለ መሰለኝ፣ ነዳ።

ከብት ገበያው ጠቦት ይዘው ከይፋግ በመጡ ነጋዴዎችና በበሬ ተሞልቷል። ለመስቀል በሬ የሚፈለግበት ሳምንት ነው። ልዕልት በቀንድና በጅራት መሃል እየተጋፋች ቦራን ፈለገች። ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ ባየች ቁጥር ልቧ ዘለለ፤ አይደለም፣ ደግሞም አይደለም። በመጨረሻ አንድ የአገሯ ሰው «ያየህ? ገዢ እንኳ አግኝቶ ነበር፤ ‹ዕቃዋን መጀመሪያ ካላየሁ በሬዬን አልሰጥም› ብሎ ወደ ከተማ ነዳው። ገዢውም እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» አላት።

ቦራን ያገኘችው ዘይነብ ሱቅ በር ላይ ነው። ግማሽ አካሉ አስፋልት ላይ፣ ግማሹ ከሱቁ ጥላ ሥር ሆኖ የተሰቀሉትን የስልክ ልባሶች ያሸታል። ገመዱን የያዘው ያየህ ደፉ ላይ ቆሟል። ውስጥ ማረው ከባንኮኒው ተደግፎ የአምናዋን እህት የምትመስል ላፕቶፕ እያገላበጠ ያስረዳል።

«ክብደቷን እየው። ቀላል ናት፣ ግን አትናቃት። የኔይቱ እኮ…»

«አባዬ!»

ማረው ዞረ፤ ፊቱ በራ። «ይኸው! ዋሷ ራሷ መጣች! በይ ንገሪው ልጄ፣ እንዴት እንደምታርስ ንገሪው።»

ልዕልት ፌስታሉን ፈታች፣ ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ከፈተቻት። «አያ ያየህ፣ ይዩ» አለች። «እኔ ከምነግርዎት ራስዎ ይዩ።»

ካርታውን ከፈተችው። ክቧ መዞር ጀመረች።

ቆሜ አየሁ አልልም፤ እኔ አልነበርኩም፤ ግን ከአራቱም ሰምቼዋለሁ፣ አራቱም የሚናገሩት አንድ ነው። ዞረች። ያየህ ገመዱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። ዞረች። ሁለት ስልክ ሊያስጠግኑ የመጡ ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ። ማረው ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ወደ መስተዋቱ ጎንበስ ብሎ፣ ማጥ የያዘውን በሬ እንደሚያባብል ሁሉ፣ «አይዞሽ» አላት። «አይዞሽ እመቤቴ። ሳቢ። ትንሽ ናት የቀረችሽ፣ ሳቢ።»

ላፕቶፗ ቀጥ አለች።

«አሁን ለገመች ነው ወይስ ሞተች?» አለ ያየህ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለች ልዕልት። «ጽሑፍ እጽፍባታለሁ፣ ለዚያ ደህና ናት። ለትምህርቴ ሥራ ግን አትችልም። ካርታ አትከፍትልኝም። አምናም አልከፈተችልኝ።»

የማረው ፊት ጠቆረ። «ታርሳለች አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ገበያ መሃል አዋረድሽኝ! ለሰው ምስክር ሆኜ፣ የጎረቤቴን በሬ አስነድቼ! ምነው ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

ልዕልት አለቀሰች። ከልቅሶው ግን ቁጣው ይበልጥ ነበር። «ዳልቻን እኮ ነው የሸጡልኝ! ምን ብዬ ልንገርዎት?»

ያየህ ጉዳዩ ገባው። ገመዱን ሰብሰብ አድርጎ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተን ገደሉን ልንስት ነበር» አለ ለቦራ። «ልጄ ገና የሚማረውን እንኳ አልነገሩትም። ምን እንደሚጭንባት ይወቅና ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ተወው ማረው፣ ለክፉ አላደረግኸውም።»

ማረው አልተወውም። ወደ ዘይነብ ዞረ። «አንቺስ ልጄ! እያደር ትጠነክራለች ብለሽ…»

«እኔ እንዲያ አላልኩም አባቴ» አለች ዘይነብ። ድምፅዋን ግን አላከረረችም። «ለቀላል ሥራ ናት ነው ያልኩዎት። ዕቃ እያደር አይጠነክርም። እንደ ሥራው ነው የሚገዛው፤ ለጸሐፊ ይቺ ትበቃለች፣ ገንዘቧም አይቆጭም። ለሷ ሥራ ግን አነሰች። ቆይ ላሳይዎት።»

ላፕቶፗን ገለበጠች። በትንሽ ብሎን መፍቻ ከሆዷ ላይ አንዲት ክዳን ፈታችና አነሳቻት። ውስጡን በጣቷ አሳየችው። አንዲት ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ ነገር፣ ከጣት የማትረዝም፣ በቦታዋ ተሰክታለች። «ራም የምንላት ይቺ ናት። ጭነቱን የምትስበው እሷ ናት» አለች። ከጎኗ ልክ የሷን ያህል ሌላ ቦታ አለ። ባዶ ነው።

ማረው መነጽር የለውም፤ አፍንጫው ሊነካት እስኪደርስ ቀረበ። የተሰካችውን አየ። ባዶውን አየ። ቀንበር የሚያውቅ ሰው በአንዱ ወገን የበሬው አንገት የሚገባበትን ማነቆ ባዶ ሆኖ ሲያይ የሚያየውን ነው ያየው።

«ቦታው የሁለት ነው?»

«የሁለት ነው።»

«አንዷ ብቻ ናት ያለችው?»

«አንዷ ብቻ።»

ቀና አለ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። ልጁን ከእግሯ ጭቃ ጀምሮ እስከ ፀጉሯ አያት።

«ዓመቱን ሙሉ በአንድ በሬ ነው ያረስሽ?»

«አንቱሳ?» አለች ልዕልት። «ሩዙን አይቼው መጣሁ፣ አባዬ። አንቱስ በስንት አረሱ?»

ማረው እጁን ደጅ ወደቆመው ጎረቤቱ፣ ወደ ቦራም ዘረጋ።

«እኔማ ያየህ ነበረኝ» አለ። «አንቺ ማን ነበረሽ?»

ያየህ ቦራን ወደ ቁሐር መንገድ አዞረውና «ለከርሞ እርሻው ባንተ ማሳ ይጀመር» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ዘይነብ መሳቢያዋን ስባ ለባዶው ቦታ የምትሆን ሁለተኛ ራም መፈለግ ጀመረች።