ስለ ጠንቋይ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ አገር ሰው ጠንቋይ ነኝ ብሎ አይናገርም፤ ጎረቤት ነው የሚናገርለት። ሄዘር ግን በስደት በምንኖርበት ሲዋርድ ሰፈር ካለው ሱቄ ገብታ፣ ጤና አዳም አንስታ እያሸተተች፣ "ጀማሪ ጠንቋይ ነኝ" አለችኝ። ልክ "ጀማሪ ነርስ ነኝ" እንደሚባለው። ከሱቁ በላይ ባለው አፓርታማ የምትኖር፣ ፀጉሯን ሐምራዊ የተቀባች ልጅ ናት። "አዑዙ ቢላህ!" አልኩና ጤና አዳሙን ከእጇ ቀማኋት።

አልተቀየመችም። ዊካ የሚባል ሃይማኖት ነው አለችኝ። ጨረቃንና ወቅቶችን ያከብራሉ፣ ቅጠላ ቅጠል ያጠናሉ፣ ዋናው ሕጋቸውም ማንንም አለመጉዳት ነው።

"ማንንም ካልጎዳሽ ታዲያ ምኑን ጠንቋይ ሆንሽው?" አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል። ጤና አዳሙን መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ከሱቄ አልጠፋ አለች። የጀማሪነት ዓመቷ ሊያልቅ ነበር፤ በሰኔ፣ ቀኑ ከሁሉም በሚረዝምበት ዕለት፣ ከጓሮው ሣር ላይ ክብ ሠርታ ቃል ትገባለች። እኔ ደግሞ ወደ ጥንቆላ ያለ ምክንያት የሚሄድ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ወይ ታሟል፣ ወይ ጠላት አለው፣ ወይ ባል ጠፍቶበታል። ስለዚህ አፋጠጥኳት።

"ማን ነው ያስቀየመሽ?"

መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ ጆይስ፣ ሆፕኪንስ በሚባል ከተማ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ልጅቷ ዊካን ከያዘች ጀምሮ ስልኳን አታነሳላትም። ለዚያች ቀን ብትጠራትም መልስ የለም።

"እናቴ ሳትኖር ቃል መግባት አልፈልግም" አለችኝ።

"አስማትሽ እሷን መጎተት አይችልም?"

"የሰውን ፈቃድ ማስገደድ ክልክል ነው።"

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥንቆላ ነው! እኛ ግን ሰው የምናስገድድበት ጥሩ መንገድ አለን፤ ሽማግሌ ይባላል።

ባሌ ነጅሙዲን አልጣመውም። "ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" አለኝ። "ሴትዮዋ ፖሊስ ኮል ታደርግብናለች እንጂ ሽማግሌ ታውቃለች?"

"እናት አይደለችም እንዴ? እናትና ልጅ ሲጣሉ ሞኝ እውነት ይመስለዋል። ተነስ፣ ሱፍህን ልበስ!"

እሁድ ከሰዓት ሄድን። ነጅሙዲን ሙስሊም፣ ጓደኞቹ አቶ ኪዳኔ ኦርቶዶክስ፣ አቶ ዋቁማ ጴንጤ፤ ሦስቱም ስለ አንዲት ጠንቋይ ሊማለዱ። እኔ ለማስተርጎም ነው የገባሁት።

ጆይስ በሩን ከፍታ ሱፎቹን አየችና፣ "ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ?" አለች።

ሦስቱ ተያዩ። "ከሄዘር ዘንድ ነን" ስላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። ልጄ ሞተች ብላ ነው።

"ደህና ናት! ደህና ናት!" ብዬ እጇን ያዝኩ። ያን ድንጋጤዋን ሳይ ወደድኳት።

አስገባችንና "ተቀመጡ" አለች። አልተቀመጡም። ኬክ አመጣች፤ አልነኩም። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ሦስት ሽበታም ወንዶች ሳሎኗ መሃል እንደ ምሰሶ ቆሙ። እሷም ወንበር እየሳበች ዞረቻቸው።

"ምን አጥፍቼ ነው የማይቀመጡት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ከልጅሽ እስክትታረቂ ነው። አቶ ኪዳኔ በአንድ የጋብቻ ጉዳይ ጀንበር እስክትጠልቅ ቆመው ውለዋል።"

አቶ ኪዳኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የልጅዎን እምነት እኔም አልወደውም" አሉ። "ግን ጠርታዎታለች። ሰው የማይወደው ሠርግም ላይ ይገኛል።"

አቶ ዋቁማ ከመጣን ጀምሮ ምንጣፉን ነበር የሚያዩት። "የእኔ ልጅ አትላንታ ናት" አሉ ቀና ሳይሉ። "አትደውልልኝም። እሷ ብትጠራኝማ የትም ቢሆን በሩጫ ነበር የምሄደው።" ይህን ለእኛም ነግረውን አያውቁም።

ጆይስ አለቀሰች፤ ግን እሺ አላለችም። "አስብበታለሁ" አለች። ኬኩን ሳንቀምስ ወጣን፤ ነጅሙዲንም እስከ ቤት ድረስ "አላልኩሽም?" ሲለኝ መጣ።

ቀኑ ደረሰ። ሄዘር ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሣሩ ላይ ጨው በክብ በተነች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ክቡ ውስጥስ ማን ይገባል! በሰኔ እዚህ ፀሐይ ለመግባት ትግደረደራለች፤ ልጅቷም መንገድ መንገዱን እያየች አብራ ትግደረደራለች። በመጨረሻ አንጀቴን እየበላችኝ፣ "በቃ ጀምሪ፣ ልጄ" አልኳት። ለሥርዓቱ በያዘችው ቢላዋ የጨዉን መስመር በአየር ላይ እየተከተለች ዞረችና ክቡን ዘጋች።

ይሄኔ መኪና ቆመ። ጆይስ ነበረች፤ በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዛለች። በቀጥታ ወደ ልጇ መጣች።

"ቁሚ!" አለች ሄዘር።

ጆይስ ጨዉ ጫፍ ላይ ደርቃ ቀረች። የተባረረች መሰላት። እኔም ደሜ ፈላ፤ "ኧረ ጨው ነው፣ እለፊ!" ብዬ ጮህኩ።

"በር ሳልከፍትላት አይሆንም" አለች ሄዘር። ቢላዋዋን ከመሬት ጀምራ ወደ ላይ እስከ እናቷ ቁመት፣ ከዚያም ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ታች በአየር ላይ ሳበች። በእኔ ግምት ሁለት ሰው የሚያሳልፍ በር ነው የከፈተችላት።

ጆይስ የማይታየውን በር አየች። "ጫማዬን ላውልቅ?"

"እንዳሻሽ።"

አወለቀችና ገባች። "በዚህ ነገር አላምንም" አለች። "የመጣሁት አንቺን ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ሄዘር፣ በሩን መልሳ እየዘጋች።

ከዚያ ቃሏን ጀመረች። ዓመት ሙሉ ያጠናችው ቃል አንገቷን እንደደፋች በሹክሹክታ ወጣ። ጆይስ ምግቡን እንደታቀፈች ታዳምጥ ነበር።

"ቀና በይ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። "ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ አልተሰማኝም።"