ፌርናን ገንዳ ሲዘጋ

ፌርናን የማያውቀው ነገር ኖሮ አያውቅም። የጥርስ ሐኪሙን ያርማል፤ የሆኪ አሰልጣኝ በቴሌቪዥን ሲያይ ይመክራል። በዚያ ጥቅምት፣ የሬፓንቲኚ ከተማ ሰው በሙሉ በረዶው ሳይመጣ የመዋኛ ገንዳውን በሚዘጋበት ሰሞን፣ ደግሞ የገንዳ ሊቅ ሆኖ ብቅ አለ። "ባለሙያ የሚጠራ ሰነፍ ነው" ብሎ በቁምጣ ወደ ጓሮ ወጣ።

የሚስቱ ታላቅ እህት ዩጌት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። እሷ ከሟች ባሏ ከሊዮፖል ጋር የራሷን ገንዳ ስትዘጋ ነው የኖረችው። ይሄ ቦርጫም ቅጠሉን ለቀመ፣ ከጨው ክሎሪን የሚያወጣውን መሣሪያ ነቅሎ ጋራዥ አስገባ፣ ከዚያ እጁን አራግፎ ሸራውን ሊያለብስ ተነሣ። በቃ፣ ጨረሰ!

"ቧንቧዎቹስ?" አለችው። "ውስጣቸው የቀረው ውሃ በአየር ተገፍቶ አይወጣም?"

"ኧረ ዋርሳዬ! ይሄ እኮ የጨው ገንዳ ነው። ጨው ያለበት ውሃ መቼ በረዶ ሲሆን አየሽ?"

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። የገንዳ ጨው እኮ ሾርባ እንኳ አያጣፍጥም፤ ውሃውን ከመርጋት የት ሊያድን!

"ይሄ የሊዮፖል ልማድ ነው" አለ ፌርናን ሸራውን እየጎተተ። "ነፍሱን ይማረውና ሊዮፖል ፈሪ ነበር።"

ፈሪ! ሊዮፖልን! ይሄን የሚለው ደግሞ አምፖል ለመቀየር ጎረቤት የሚጠራ ሰው! የዩጌት ደም ፈላ።

ይሄኔ ሚስቱ ጊስሌን ከዘራዋን ተደግፋ ወጣች። ዳሌዋ ከተበላሸ ወዲህ ሕመሙ ፋታ የሚሰጣት ገንዳው ውስጥ ስትሆን ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትዋኛለች፤ እየዋኘችም ታንጎራጉራለች።

"እቴ፣ ይሄ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው? አንቺ ታውቂያለሽ። ገንዳዬን እንዳያበላሽብኝ።"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሊዮፖል የቧንቧ ውሃ ያስወጣበት የነበረው አየር መንፊያም ዩጌት ቤት ተቀምጧል። እሷ ግን የታያት ሌላ ነው፦ ቧንቧው ፈንድቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ፌርናን ለአንድ ቀን እንኳ አፉን ዘግቶ። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

"ባልሽ ያለው ልክ ነው" አለቻት። "እሱን ስሚ።"

የዚያ ዓመት ብርድ ዛፍ ይሰነጥቅ ነበር። በግንቦት ሸራው ተገፈፈ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃው ግን በማግስቱ ጎደለ። የተጠራው ሠራተኛ ከሲሚንቶው ሥር ያለው ቧንቧ በሙሉ መሰንጠቁን ነግሯቸው ሄደ።

ፌርናን የሚያፍር መሰላችሁ? ቧንቧውን የሠራውን ፋብሪካ እስኪበቃው ሰደበ። "እንዲያውም አፈር እንሙላበትና ቲማቲም እንትከል" አለ። "ድሮም ሐሳቤ ነበር።" ስልኩን አንሥቶ እዚያው አፈር አዘዘ።

ጊስሌን የጎደለውን ገንዳ እያየች ቆማለች። ዩጌት ግን መቻል አቃታት።

"እኔ እኮ ዐውቄ ነበር!" አለች ጣቷን ፌርናን ላይ ቀስራ። "ይሄ ደደብ ገና ሸራውን ሲያለብስ እንደሚፈነዳ ዐውቄያለሁ!"

ጊስሌን ዞር አለች።

"ታውቂ ነበር?"

"እንዴታ!"

"እሱስ ደንቆሮ ነው፣ አይፈረድበትም" አለች ጊስሌን። "አንቺን ግን ጠይቄሽ ነበር።"

ዩጌት ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ጊስሌን እጇን ገፋ አደረገችና ባሏን ጠራች።

"ፌርናን፣ ና ደግፈህ አስገባኝ።"