የዘጠኝ ቁጥር ጡረታ

ጡረታ ይላል ደግሞ ሊቀመንበሩ፣ ቁጥር ጡረታ ይወጣል ይላል፣ ጡረታ ምን እንደሆነ ለእሷ ሊነግራት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰው ሐሳብ ስትደረድር ኖራ አበባ አሳቅፈው፣ አጨብጭበው ላወጧት ሴትዮ፣ በማግስቱ የረሳችውን መነጽር ልታመጣ ብትሄድ ዘበኛው እትዬ መታወቂያ ላላት። ጡረታ ማለት ይኸው ነው። አክብሮ መርሳት።

ማንቆርቆሪያው ክዳኑን ያንኳኳል፣ እሳቱን አትቀንስም፣ ሻይ ላፍላ ብላ ነው ወደ ማድ ቤት የገባችው፣ ሻዩ ከፈላ ቆይቷል፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንዶች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መልሷን ይጠብቃሉ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሊቀመንበርና ልጇ ከሞተ ወዲህ የልጇን ቁጥር የሚለብሰው ተከላካይ። እሺ ካለች እሁድ ከጨዋታው በፊት የልጇ ማሊያ በመስታወት ተከቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ዘጠኝን ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። እንቢ ካለች ይቀራል። ያለ እርስዎ ፈቃድ አናደርገውም እናታችን ብሏል ሊቀመንበሩ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ክለባችን ለታላቁ ተጫዋቹ ያለውን ዘላለማዊ ክብር ለመግለጽ፣ ዘላለማዊ፣ ይህቺን ቃል ስንት መጽሐፍ ሽፋን ላይ አይታታለች፣ አቧራውን የጠረገችው እሷ አይደለችም እንዴ።

ታላቅ ደግሞ አልነበረም። ደህና ተጫዋች ነበር። ታላቅ ያደረገው መሞቱ ነው፣ በቁሙ ያላወጡለትን ቅጽል ሬሳው ላይ ይከምሩለታል፣ ስትሞት የማይወድህ የለም።

ተከላካይስ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የት ታይቶ ያውቃል፣ ዘጠኝ የጎል አግቢ ነው፣ ልጇም ተከላካይ ነው፣ ለእሱ የደረሰው ስድስት ነበር፣ ያኔ ክለቡ ድሃ ነው፣ ቁጥሩን ከጨርቅ ቆርጦ በየቤቱ ይልካል፣ እናትም ትስፋው እህትም ትስፋው፣ እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ገባ እያለች ገልብጣ ሰፋችው። እማ፣ ገለበጥሽኝ እኮ። ና ልፍታው። ተይው ባክሽ፣ ስድስት ሆኜ ምን አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ያቁነጠንጠው ጀመር፣ ኳስ እግሩ ከገባ የራሱን ሜዳ ወና ትቶ ወደፊት ይነጉዳል፣ ግብ ጠባቂው ይማጠናል፣ አሰልጣኙ ኮፍያውን መሬት ይወረውራል፣ ደጋፊው በአንድ አፍ፣ ዘጠኝ፣ ተመለስ፣ ዘጠኝ፣ ተመለስ። እንደ ዘፈን ሆነ። ሰፈር ሲያልፍ ተመለስ ይሉታል፣ ዳቦ ሻጯ ሳትቀር መልስህን ሳትይዝ የት ነው፣ ተመለስ ትለዋለች፣ እሷም በሩን ከፍቶ ሲወጣ ከኋላው፣ ዘጠኝ፣ ተመለስ፣ ያለ ምንም ነገር፣ ለጨዋታ፣ እሱም ይመለሳል፣ ግንባሯን ይስማል፣ ይሄዳል።

ሁልጊዜ ይመለሳል።

ያን ቀንም ኳሱን እየገፋ ሄደ፣ አቀበለ፣ እዚያው የባላጋራው ጎል አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ የጫማውን ክር የሚያስር ነው የሚመስለው፣ ኳሱ ተነጥቆ ወደዚህ እየመጣ ነው፣ ሰዉ ሳቀ፣ ይሄ ሰነፍ፣ ዘጠኝ ተመለስ፣ ሜዳው ሙሉ፣ እሷም ተነሥታ፣ እጇን አፏ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጋ፣ ተመለስ አንተ፣ እየሳቀች፣ እየሳቀች፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። ልቡ ነው አሉ። ከልጅነቱ የነበረ ነው አሉ። ከልጅነቱ የነበረውን ለእሷ ሊነግሯት።

መጻሕፍቱ ስለ ሐዘን ብዙ ይላሉ፣ ሁሉንም አንብባለች፣ ጊዜ ይሽረዋል የሚለውን የጻፈው ሰው ልጅ አልነበረውም። እሷን ያቆማት እሁድ ነው። እሁድ እሁድ ሜዳ ትገባለች፣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ ትጠብቃለች፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ግን አይቀርም፣ ሰው የለመደውን አይተውም፣ አዲሱ ልጅ ኳስ በነካ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ይነሣል፣ ዘጠኝ፣ ተመለስ፣ የዚያን ሁሉ ሰው አፍ ሞልቶ ልጇን ይጠራላታል። አንዲት እናት ብቻዋን ብትጠራ እብድ ናት ይባላል። ሜዳ ሙሉ ሰው ሲጠራስ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ዐይኗን እስክትገልጥ፣ ይመጣል። መስታወት ተመለስ አይባልም ሊቀመንበር። ግድግዳ የት ሄዶ ይመለሳል። እንቢ ልትል ነው፣ ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ትደረድራለች፣ እንቢ፣ በጨዋ ደንብ፣ ክቡር ሊቀመንበር ስለ አክብሮታችሁ እያመሰገንኩ፣

እማማ ልርዳዎት፣ ተከላካዩ ነው፣ በሩን ሞልቶ ቆሟል፣ ኮፍያውን ያሻል። በቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጅ አይደለም ለካ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጀምሮታል፣ ሚስት ይኖረዋል፣ እናት ይኖረዋል። ትሪውን ይቀበላታል፣ አይንቀሳቀስም፣ የሚናገረው ለብርጭቆዎቹ ነው። ከቦታው ወጥቶ እንደማያውቅ ይነግራታል፣ አንድም ቀን፣ አሰልጣኙ ምስክሩ ነው፣ ይጮኹበታል ግን፣ ሲመታም ሲስትም፣ ሴት ልጁ ሜዳ መምጣት ትታለች፣ አባዬ የት ሄደህ ነው የሚጠሩህ ብላዋለች።

ቦታዬ ላይ ነኝ እኮ እማማ። ወዴት ነው የምመለሰው?

ይህን የትም አላነበበችም። ያን ሁሉ መጽሐፍ። በየሳምንቱ ዐይኗን ጨፍና ስትሰማ፣ ከፊት ለፊቷ ይህ ሰው ቆሞ ነበር፣ ሁለት እግሩ መሬት ላይ፣ የሰው ልጅ እየተጠራበት፣ አቤትም ማለት አይችል፣ እሱን አይደለም። አላየችውም። እሷ ነች ሂድልኝ ስትለው የኖረችው፣ ያ እንዲመጣ።

እሳቱን ታጠፋለች።

ሳሎን ውስጥ ሻዩን ትቀዳለች። ይውጣ ትላለች። ሊቀመንበሩ አልሰማም፣ ጆሮውን ያቀርባል። ጡረታ ይውጣ፣ ደክሞታል። ሊቀመንበሩ ይነሣል፣ እጇን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ይናገራል፣ ክብር፣ ታሪክ፣ ትውልድ፣ ይናገር፣ ተከላካዩ አንገቱን ሰብሮ ትከሻዋን ይስማል፣ ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ እሁድ ይሰቅሉታል፣ ከዚያ ሌላ እሁድ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ፣ ሰዉ አፉን ይዘጋል፣ ለሌላ ቁጥር ሌላ ዘፈን ያወጣል፣ እሷ ጥግ ላይ ምን ልትሰማ ትቀመጣለች።

ኮፍያው። ትሪው አጠገብ ትቶታል።

ብድግ ትላለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ደረጃው ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ኮቴያቸው ታች ደርሷል፣ አፏን ትከፍታለች፣ ስሙ፣ ስሙ ማን ነው፣ ስንት እሁድ ሲጠራ ሰምታ ስሙን አታውቅም፣ ጠይቃም አታውቅም፣ በአፏ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፣ አሁን ጡረታ ያወጣችው፣ ታች በሩ ሲከፈት ይሰማታል፣ ይሄዳል፣

ዘጠኝ፣ ተመለስ።

ኮቴው ይቆማል። ከዚያ ወደ ላይ፣ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ወጣት እግር ነው፣ ይመጣል፣ እሷ ኮፍያውን ደረቷ ላይ ይዛ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ እዚህ እስኪደርስ ድረስ ብቻ፣ እዚህ እስኪደርስ